በዋሻው ውስጥ የተተወው ቁልፍ

ተጫዋቹ ከአንድ ጨለማ ክፍል ገብቶ ዙሪያውን ይመለከታል። በስተግራው የተቆለፈ በር አለ። ከፊት ለፊቱ ሊሻገረው የማይችለው ገደል ተዘርግቷል፤ ከገደሉ ማዶ አንድ ሣጥን ተቀምጦ ይታያል። የሚያደርገውን ቢያጣ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ሌላ መተላለፊያ ይሞክራል፤ ከሁለት ጭራቆች ጋር ተዋግቶ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ያገኛል፤ ደረጃ ይወርዳል፤ ደረጃ ይወጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የማያውቀውን በር ከፍቶ ሲወጣ ግን ራሱን ከዚያው ከገደሉ ማዶ፣ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ያገኘዋል። በዚያች ቅጽበት የሚሰማው ደስታ በሣጥኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ጋር ብዙም ግንኙነት የለውም። ደስታው የመጣው፣ ሲገባበት ባዕድ የነበረው ቤት አሁን የሚያውቀው ቤት ስለሆነ ነው።

እንዲህ ያለው ቦታ በቪዲዮ ጨዋታ ዓለም «ዳንጀን» እየተባለ ይጠራል። ጀግናው ሰይፉንና ችቦውን ይዞ የሚወርድበት፣ በሮቹ የተቆለፉ፣ ወለሉ ወጥመድ የሞላበት፣ በመጨረሻው ክፍል ዘንዶ ወይም ሌላ ኃያል ጠላት የሚጠብቅበት የምድር ውስጥ ቤት ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የጨዋታ ሠሪዎች እንዲህ ያሉ ቤቶችን በብዙ ሺህ ሠርተዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በማግሥቱ ተረስተዋል፤ ጥቂቶቹ ግን ሠላሳና አርባ ዓመት አልፏቸውም ተጫዋቾቻቸው ክፍል በክፍል ይተርኳቸዋል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ከስፋታቸው፣ ከጭራቆቻቸው ብዛት፣ ወይስ ከሥዕላቸው ውበት?

የዳንጀን ታሪክ የሚሰጠው መልስ ከእነዚህ ከሦስቱም የተለየ ነው። መልሱን ለመረዳት ከቪዲዮ ጨዋታ እጅግ የሚቀድመውን የልጆች ጨዋታ ማስታወስ ይበቃል። በምሽት እሳት ዳር አንዱ ልጅ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። በዚህ የሁለት ቃል ልውውጥ ውስጥ አንድ ያልተነገረ ውል ይፈጸማል። ጠያቂው መልሱን ያውቃል፤ መልሱም በጥያቄው ውስጥ ተሸሽጓል። ተጠያቂው ቢሸነፍ አገር ይሰጣል እንጂ ተታለልሁ አይልም። መልሱ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ሆኖ ቢገኝ ግን የሚያፍረው ጠያቂው ነው። ያማረ ዳንጀንም ከግንብና ከበር የተሠራ እንቆቅልሽ ነው። ተጫዋቹን የሚያስደስተው ውሉ ሲጠበቅ፣ የሚያስመርረውም ውሉ ሲፈርስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከማማ ወደ ጉድጓድ

«ዳንጀን» የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ነው። በፈረንሳይኛ «ዶንዦን» ማለት በምሽግ መካከል የሚቆም፣ ጌታው የሚኖርበት ረጅም ግንብ ሲሆን፣ የቃሉም ሥር «ጌታ» ከሚለው ከላቲኑ «ዶሚኑስ» ይመዘዛል። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ከጊዜ በኋላ ከግንቡ አናት ወደ ግንቡ ሥር ወርዶ፣ እስረኛ የሚጣልበት የጨለማ ጉድጓድ መጠሪያ ሆነ። የጌታ ማማ የእስረኛ ጉድጓድ ሆነ ማለት ነው።

ቃሉን ከእስር ቤት አውጥተው የጨዋታ ሜዳ ያደረጉት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን ጨዋታ በመጽሐፍ መልክ አሳተሙ። ጨዋታው ኮምፒውተር አያስፈልገውም ነበር። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆንና በካሬ ወረቀት ላይ የምድር ውስጥ ቤት ካርታ ሥሎ ከሌሎቹ ይሰውራል፤ ሌሎቹ እንደ ጦረኛ፣ እንደ ጠንቋይ ወይም እንደ ሌባ ሆነው ክፍል ለክፍል ይዘዋወራሉ፤ የውጊያውን ዕድል ዳይ ይወስነዋል። አርነሰን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው በሚኒሶታ ጓደኞቻቸውን «ብላክሙር» ከሚባል የምናብ ግንብ ሥር አስወርደው ያጫውቱ ነበር።

ሰፊ የምናብ ዓለም እያለ ጨዋታው ከጉድጓድ የጀመረበት ምክንያት አለ። ሜዳ ላይ የቆመ ተጓዥ ወደፈለገው አቅጣጫ መሄድ ይችላል፤ መሪውም ለአቅጣጫው ሁሉ መልስ ማዘጋጀት ይኖርበታል። በምድር ውስጥ ግን ሁለት በር ካለ ምርጫው ሁለት ነው። ግድግዳው ምርጫን ያጠባል፤ ምርጫ ሲጠብ ክብደት ያገኛል። ይህ ቀላል የሚመስል እውነት ኋላ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪዎችም ትልቅ ስጦታ ሆነላቸው፤ የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ሰፊ ዓለም መያዝ አይችልም፤ በመተላለፊያ የተያያዙ ጥቂት ክፍሎችን ግን ይችላል።

እውነተኛው ዋሻ

ከኮምፒውተር ጨዋታ ዋሻዎች ሁሉ ስመ ጥሩ ከእውነተኛ ዋሻ የተቀዳ ነው። በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት የሚገኘው የማሞዝ ዋሻ በዓለም ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ሲሆን፣ እስካሁን የተለካው ርዝመቱ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቀደምት አሳሾቹ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ስቲቨን ቢሾፕ ባሪያ ነበር። ጌታው በ1838 አስጎብኚ አድርጎ ወደ ዋሻው አመጣው። ቢሾፕ በዚያው ዓመት አካባቢ እስከዚያ ድረስ ጎብኚን ሁሉ የመለሰውን «ጥልቀት የለሽ ጉድጓድ» የተባለ ገደል በመሰላል ተሻግሮ፣ ከማዶው ያለውን ሰፊ የዋሻ ክፍል ለዓለም ገለጠ። በ1842ም የሚያውቀውን ዋሻ ከትዝታው ሥሎ ካርታ አወጣ፤ ካርታው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታትሞ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ኖረ። ነፃነቱን ያገኘው በ1856 ሲሆን በማግሥቱ ዓመት ሞተ። የጨለማውን መውጫ ሁሉ በአእምሮው የያዘው ሰው የራሱን ነፃነት በር ተከፍቶ ያየው ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላም በዚያ አካባቢ ያሉት ዋሻዎች ተለክተው አላለቁም ነበር። አሳሾች የማሞዝ ዋሻና ከአጠገቡ ያለው የፍሊንት ሪጅ ዋሻ በምድር ውስጥ ይገናኙ ይሆናል ብለው ለዓመታት ሲፈልጉ ቆይተው፣ በመስከረም 1972 አንድ ስድስት ሰዎች ያሉበት ቡድን ከፍሊንት ሪጅ በኩል ገባ። ቡድኑ ለብዙ ሰዓት በጠባብ ቀዳዳ እየተሳበ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እየተራመደ ከሄደ በኋላ በመብራቱ ጭላንጭል አንድ ነገር አየ፤ ለጎብኚዎች የተሠራ የእጅ መደገፊያ ነበር። ማንም ባልሄደበት መንገድ መጥተው ሺዎች ከሚሄዱበት መንገድ ደረሱ። ሁለቱ ዋሻዎች አንድ ዋሻ ነበሩ።

ከስድስቱ አንዷ ፓትሪሺያ ክራውዘር ትባላለች። ባለቤቷ ዊል ክራውዘርም ዋሻ አሳሽ ነበር፤ በሙያው ደግሞ የዛሬው ኢንተርኔት መነሻ የሆነውን «አርፓኔት» ከሠሩት ፕሮግራም ሠሪዎች አንዱ ነው። ሁለቱ የዋሻውን ልኬት በኮምፒውተር ወደ ካርታ ይለውጡ ነበር። በኋላ ትዳራቸው ፈረሰ። ክራውዘር ከሴቶች ልጆቹ መራቁ ስለከበደው፣ ሊጠይቁት ሲመጡ የሚጫወቱት ነገር ለመሥራት አሰበ። የሚያውቀውን ዋሻ፣ በትርፍ ጊዜው ይጫወተው ከነበረው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጋር አዋሕዶ በ1976 ገደማ «አድቬንቸር» የተባለውን የጽሑፍ ጨዋታ ፈጠረ። በማግሥቱ ዓመት በስታንፎርድ የነበረው ዶን ዉድስ ተጨማሪ ክፍሎች፣ ሀብትና ጭራቆች ጨመረበት። በዚህ መልክ ጨዋታው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ። ተመራማሪው ዴኒስ ጄርዝ የክራውዘርን የመጀመሪያ ፕሮግራም አግኝቶ ከዋሻው ጋር በማስተያየት በ1947 ሳይሆን በራሳችን ዘመን፣ በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ የጨዋታው ክፍሎች እውነተኛውን ዋሻ ምን ያህል ተጠግተው እንደሚከተሉ አሳይቷል።

የዚህ ጨዋታ መክፈቻ ዛሬም ትምህርት ይሆናል። ተጫዋቹ ከአንዲት ትንሽ የጡብ ቤት አጠገብ ይቆማል። ቤቷ ውስጥ ቁልፍና ፋኖስ አሉ። ጥቂት ራቅ ብሎ መሬት ላይ የተቆለፈ የብረት ፍርግርግ ይገኛል፤ ከፍርግርጉ ሥር ዋሻው ነው። ቁልፉን ሳይወስድ የሄደ ሰው ከፍርግርጉ ሲደርስ ቤቷን ያስታውሳል። የዳንጀን ሥነ ጥበብ በሙሉ በዚህች ጥንድ ውስጥ አለ፤ እዚህ የተዘጋ ነገር፣ እዚያ የሚከፍተው ነገር፣ በመካከላቸውም የተጫዋቹ ትዝታ። በጨዋታው ውስጥ ያሉት ውስብስብ መተላለፊያዎች እንኳ ይህን ውል አያፈርሱም። ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል ስለሚገለጹ ተጫዋቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም። የተሸከመውን ዕቃ በየክፍሉ አንዳንድ እያደረገ የጣለ ግን ክፍሎቹን በምልክት ይለያቸዋል። ጨለማው መውጫ አለው፤ መውጫውም በተጫዋቹ እጅ ነው።

ካሬ ወረቀትና ዳይ የሚጥል መሣሪያ

ከዚያ በኋላ የዳንጀን ታሪክ በሁለት መንገድ ተከፈለ። በ1980 የተሠራው «ሮግ» የተሰኘ ጨዋታ ዳንጀኑን ራሱ ኮምፒውተሩ በየጊዜው አዲስ አድርጎ እንዲያወጣ አደረገ። ጀግናው ከሞተ ጨዋታው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ዳንጀኑም ሌላ ነው። ይህ መንገድ እስከ ዛሬ ብዙ ወዳጆች አሉት፤ የሚሰጠው ደስታ ግን የቁማርና የብልሃት ደስታ ነው። በዕጣ የወጣ ቤት ጠያቂ የለውም፤ «እንቆቅልህ» የሚል ሰው ከበስተጀርባው የለም።

ሁለተኛው መንገድ በሰው እጅ የታነጸ ዳንጀን ነው። በ1981 የወጣው «ዊዛርድሪ» እያንዳንዳቸው ሃያ በሃያ ካሬ የሆኑ አሥር ፎቆች ያሉት የምድር ውስጥ ቤት ነበረው። ጨዋታው ካርታ አይሰጥም፤ ተጫዋቹ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይዞ እርምጃውን እየቆጠረ ይሥላል። አልፎ አልፎ ወለሉ ተጫዋቹን ሳያሳውቅ ያዞረዋል፤ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ካርታው እንደተሳሳተ የሚያውቀው ከብዙ ካሬ በኋላ ነው። ይህ አድካሚ ሥራ በሚያስገርም ሁኔታ ይወደድ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተጫዋቹ ሥሎ የጨረሰው ካርታ የራሱ ንብረት ይሆናል። ቢሾፕ ከትዝታው ሥሎ እንዳወጣው ካርታ ሁሉ፣ ያ ወረቀት ቦታውን በእግሩ የረገጠ ሰው ምስክርነት ነው።

የሶኖቤው ልጅ ፋኖስ

«ዊዛርድሪ» በጃፓን ብዙ ተከታይ አፈራ። ይሁን እንጂ ዳንጀንን ከሁሉም በላይ ለብዙኃኑ ያስተዋወቀው ሰው መነሻው የልጅነት ትዝታ ነበር። ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1952 በኪዮቶ አውራጃ በምትገኘው በሶኖቤ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ በአካባቢው ኮረብታና ጫካ ብቻቸውን ይዞሩ እንደነበር፣ አንድ ቀንም ዋሻ አግኝተው ፋኖስ ይዘው እንደገቡ በተለያየ ጊዜ ተናግረዋል። ወደ ኒንቴንዶ ኩባንያ የገቡት በ1977 ነው። ከታካሺ ቴዙካ ጋር ሆነው የሠሩት «የዜልዳ አፈ ታሪክ» የተሰኘ ጨዋታ የካቲት 21 ቀን 1986 በጃፓን ለገበያ ቀረበ።

ሚያሞቶ እንደተናገሩት፣ የጨዋታው የመጀመሪያ ሐሳብ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ዳንጀን እየሠሩ እንዲጠያየቁ ነበር። በኋላ ግን በተሠሩት ዳንጀኖች ውስጥ መጫወቱ ይበልጥ አስደሳች ሆኖ ስለተገኘ፣ ሠሪው ኩባንያው፣ ጠያቂዎቹም እነሚያሞቶ ሆኑ። የእንቆቅልሹ ውል ከጨዋታው ውልደት ጀምሮ በውስጡ ነበር ማለት ነው።

ጨዋታው ዘጠኝ ዳንጀኖች አሉት። አንዳንዶቹ ከላይ ሲታዩ ቅርጻቸው የሚታወቅ ነገር ይመስላል፤ የመጀመሪያው ንስር፣ ሁለተኛው ጨረቃ፣ አራተኛው እባብ ነው። የማሽኑ ሜሞሪ ጠባብ ስለነበር ቴዙካ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዳንጀኖች 128 ክፍሎች ባሉት አንድ ሰሌዳ ላይ እንደ ተቆራረጠ ሥዕል እርስ በርስ አጋጥመው አስቀመጧቸው። ሥራውን ጨርሰው ሲያዩት ግን ከተፈቀደው ቦታ የተጠቀሙት ግማሹን ብቻ ነበር። ሚያሞቶ እንዲታረም ከማድረግ ይልቅ በቀረው ግማሽ ሁለተኛ ዙር እንዲሠራ ወሰኑ። ጨዋታውን የፈጸመ ሰው እንደገና ሲጀምር በሮቹ ቦታቸውን ቀይረው፣ ዳንጀኖቹ ሌላ ሆነው የሚያገኛቸው በዚህ ስሕተት ምክንያት ነው።

በእነዚህ ዳንጀኖች ውስጥ የታየው አዲስ ነገር ግን ከቅርጻቸው ይልቅ የሚሰጡት ዕቃ ነው። በሦስተኛው ዳንጀን ታንኳ ይገኛል፤ ወደ አራተኛው መድረስ የሚቻለው በታንኳው ብቻ ነው። በአራተኛው መሰላል ይገኛል፤ መሰላሉ በአንድ እርምጃ ስፋት ያለን ውኃ ሁሉ ያሻግራል። ስለዚህ ሊንክ የተባለው ጀግና ከጉድጓዱ ሲወጣ የገባው ሰው አይደለም። ትናንት ድንበር የነበረው ወንዝ ዛሬ መንገድ ነው። ቁልፍ አንድ በር ከፍቶ ያልቃል፤ መሰላል ግን ተጫዋቹ የሚያስታውሰውን ወንዝ ሁሉ ይከፍታል። ቢሾፕ በ1838 ገደሉን የተሻገረበት መሰላል ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

ውሉ ሲጠበቅ

የመጀመሪያው «ዜልዳ» ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ከአንዱ ዳንጀን የተረፈ ትንሽ ቁልፍ የሌላውን ዳንጀን በር ይከፍት ነበር፤ አንዳንድ መተላለፊያ ደግሞ ምንም ምልክት በሌለበት ግድግዳ ላይ ቦምብ በማፈንዳት ካልሆነ አይገኝም። በ1991 የወጣው ሦስተኛው ጨዋታ «ያለፈው ዘመን ትስስር» ይህን አረመ። እያንዳንዱ ዳንጀን የራሱ ቁልፎች ብቻ እንዲሠሩበት ተደረገ፤ ዋናውን ሣጥንና የመጨረሻውን በር የሚከፍት ትልቅ ቁልፍም ተጨመረ። ከዚህ በኋላ ተጫዋቹ አንድ የተቆለፈ በር ሲያይ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ነገር አለ፤ ቁልፉ በዚህ ቤት ውስጥ ነው። የእንቆቅልሹ ውል በቤቱ ግድግዳ ላይ ተጻፈ ማለት ይቻላል።

በእነዚህ ዓመታት የተጠናቀቀው ሥርዓት ሲጠቃለል አራት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ በሩ ከቁልፉ ቀድሞ ይታያል። ቁልፉን አስቀድሞ ያገኘ ሰው ዕቃ ተሸክሟል፤ በሩን አስቀድሞ ያየ ሰው ግን ጥያቄ ተሸክሟል፤ ቁልፉም ሲገኝ መልስ ይሆንለታል። ሁለተኛ፣ ቤቱ ያስተምራል፤ ነገር ግን አይናገርም። አዲስ የተገኘው ዕቃ መጀመሪያ አደጋ በሌለበት ክፍል ይሞከራል፤ ቀጥሎ ጠላት ባለበት፣ በመጨረሻም በዋናው ጠላት ላይ ይፈተናል። ሦስተኛ፣ መንገዱ ይታጠፋል። ሩቅ የሄደ ተጫዋች አንዲት በር ከፍቶ ከመነሻው አጠገብ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የተበታተኑት ክፍሎች በአእምሮው ውስጥ አንድ ቤት ይሆናሉ። አራተኛ፣ ቤቱ ለሥራው ይመሰክርለታል። ከ1986 ጀምሮ ምሥጢር በተገለጠ ቁጥር የምትሰማው የኮጂ ኮንዶ አጭር ዜማ ርዝመቷ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም፤ ነገር ግን ከበስተጀርባ ያለው ጠያቂ «መልሱ ይህ ነው» ብሎ ራሱን የሚነቀንቅባት ድምፅ ናት።

ከሁሉም የላቀው ግን ቤቱ በሙሉ አንድ እንቆቅልሽ ሲሆን ነው። በ1993 ለኪስ ማጫወቻው ለ«ጌም ቦይ» በተሠራው «የሊንክ መንቃት» ውስጥ የንስር ግንብ የሚባል ዳንጀን አለ። ተጫዋቹ አንድ ከባድ የብረት ኳስ ከክፍል ወደ ክፍል እየተሸከመ፣ እየወረወረ፣ አራት ምሰሶዎችን ይሰብራል። አራተኛው ምሰሶ ሲሰበር የላይኛው ፎቅ ተደርምሶ በታችኛው ላይ ያርፋል፤ የማይደረስባቸው የነበሩት ክፍሎች አሁን ይደረስባቸዋል። ይህን ለመፈጸም እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው ማወቅ አይበቃም፤ የትኛው ክፍል ከየትኛው በላይ እንደሆነ በሐሳብ ማየት ያስፈልጋል። መዳፍ በምታህል፣ ቀለም በሌላት መስኮት ላይ የተጫዋቹ አእምሮ ባለ ብዙ ፎቅ ግንብ ያቆማል።

ውሉ ሲላላ፦ የውኃው መቅደስ

በ1998 «የጊዜው ኦካሪና» ሲወጣ ዳንጀኑ ከወረቀት መሰል ካርታ ወደ ሙሉ ሕንፃ ተለወጠ፤ ከፍታና ጥልቀት አገኘ። የዳንጀኖቹን ሥራ የመሩት ኤይጂ አኦኑማ በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ በመካኒክ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ወደ ኩባንያው የገቡት በ1988 ነው። ከሠሯቸው ሁሉ ብዙ ያነጋገረው የውኃው መቅደስ ነው።

መቅደሱ መካከሉ ላይ ግንብ የቆመበት፣ ዙሪያውን ክፍሎች የከበቡት፣ በውኃ የተሞላ ሕንፃ ነው። ተጫዋቹ በሦስት የተወሰኑ ቦታዎች ላይ ዜማ እየተጫወተ የውኃውን ከፍታ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ውኃው ከፍ ሲል በዋና የሚደረስበት በር፣ ዝቅ ሲል ከራስ በላይ ይቀራል፤ በውኃ ተሸፍኖ የነበረው ደግሞ ይገለጣል። በሐሳብ ደረጃ የንስር ግንብ ታላቅ ወንድም ነው። ብዙዎች ግን በጥላቻ ያስታውሱታል።

ጥፋቱ ከሐሳቡ የመጣ አልነበረም። ወደ ውኃው ወለል ለመውረድ የብረት ጫማ መጫማት፣ ለመንሳፈፍ ማውለቅ ያስፈልጋል። ጫማውን ለመለዋወጥ በየጊዜው ጨዋታውን አቁሞ የዕቃ ዝርዝር መክፈት፣ መምረጥ፣ ዝርዝሩን መዝጋት ግድ ነበር፤ ይህም በአንድ ዳንጀን ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደገማል። በዚህ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚለውጡት ቦታዎች የት እንዳሉ ለማስታወስ የሚረዳ ምልክት ጥቂት ነው። አእምሮ ሊደክምበት የሚገባው ቦታ ላይ እጅ ደከመ። አኦኑማ በዚህ በይፋ ተጸጽተዋል፤ ጨዋታው በ2011 ለሌላ መሣሪያ እንደገና ሲሠራም ጫማው በአንድ ንክኪ እንዲለወጥ፣ ወደ ሦስቱ ቦታዎች የሚመሩ ባለ ቀለም መስመሮችም በግድግዳው ላይ እንዲሠመሩ ተደርጓል። ከእንቆቅልሹ ግን አንዲት በር አልተነካችም።

ይህ እርማት ስለ ዳንጀን ብዙ ያስረዳል። አስቸጋሪነትና አሰልቺነት አንድ አይደሉም። አስቸጋሪው ዳንጀን ተጫዋቹን አልጋው ላይ ሆኖ እንኳ ያሳስበዋል፤ «ውኃውን ዝቅ ባደርገው ያ በር...» እያለ ይተኛል። አሰልቺው ግን መሣሪያውን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ተጫዋቹ በጠያቂው ላይ ያለው እምነት ነው። መልሱ በእርግጥ በቤቱ ውስጥ እንዳለ የሚያምን ሰው ይታገሣል።

የተከፈቱት በሮች

ከ2016 ጀምሮ እንግሊዛዊው ማርክ ብራውን የ«ዜልዳ»ን ዳንጀኖች አንድ በአንድ እየፈታ፣ በሮችንና ቁልፎችን በሥዕል እያያያዘ የሚተነትን ተከታታይ የቪዲዮ ዝግጅት አቅርቧል። ትንታኔው ካሳያቸው ነገሮች አንዱ፣ ተጫዋቹ መንገዱን የሚከተልባቸው ዳንጀኖችና መንገዱን የሚፈልግባቸው ዳንጀኖች የተለያዩ መሆናቸው ነው። ወደ ኋላ የመጡት ብዙዎቹ ከክፍል ወደ ክፍል በቀጥታ የሚመሩ ነበሩ፤ በሩ ከታየ ወዲያው ቁልፉ ይገኛል፤ ትዝታ ሥራ ይፈታል።

በመጋቢት 2017 የወጣው «የዱሩ እስትንፋስ» ደግሞ ሥርዓቱን ከሥሩ ገለበጠው። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ተጫዋቹ ዋና ዋናዎቹን ኃይሎች በሙሉ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ወደፈለገው ተራራ መሄድ ይችላል። በታላላቆቹ ዳንጀኖች ምትክ 120 ትናንሽ መቅደሶችና አራት ግዙፍ ተንቀሳቃሽ አውሬዎች ተተኩ። ዓለም በአንድ ድምፅ አደነቀው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አድናቆቱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከአድናቂዎቹ መካከል ብዙዎች አንድ ነገር እንደጎደላቸው ተናገሩ። ሁሉን ከመጀመሪያው ለተቀበለ ሰው የተዘጋ በር የለም፤ የተዘጋ በር ከሌለ የሚታወስ በር የለም። በ2023 የተከተለው «የመንግሥቱ እንባ» መቅደሶችን በስምና በመልክ መለሰ፤ ይሁንና ተጫዋቹ የእያንዳንዱን ክፍል ጥያቄ በፈለገው ቅደም ተከተል፣ በፈለገው ብልሃት እንዲፈታ ተወው።

በሁለቱ ወገን ያለው ክርክር ቀላል አይደለም። ነፃነትን የሚወዱት፣ መልሱ አንድ ብቻ የሆነ እንቆቅልሽ ተጫዋቹን የሠሪውን ሐሳብ እንዲገምት ብቻ ያደርገዋል ይላሉ። አሮጌውን ሥርዓት የሚወዱት ደግሞ፣ ማንኛውም መልስ የሚያስኬድ ከሆነ ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል ይላሉ። በኋለኞቹ ጨዋታዎች ተጫዋቹ የሚደሰተው በራሱ ብልሃት ነው። በቀድሞዎቹ ግን ደስታው የሁለት ሰዎች ነው፤ የማይተዋወቁ፣ ምናልባት በውቅያኖስና በዘመን የተለያዩ፣ ነገር ግን በአንዲት በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች።

የዚህን ግንኙነት ክብደት የሚፈታተን ሌላም ነገር መጥቷል። በአሁኑ ዘመን የትኛውም በር ላይ የቆመ ተጫዋች መልሱን በጥቂት ሰከንድ ከኢንተርኔት ማግኘት ይችላል። በእንቆቅልሹ ቋንቋ አገር ሰጥቶ መልሱን መቀበል ማለት ነው። አገር መስጠት ነውር አይደለም፤ የጨዋታው ሕግ ይፈቅደዋል። ነገር ግን ሳያስብ አገር የሚሰጥ ልጅ እንቆቅልሹን ሰማ እንጂ አልተጫወተም፤ ሠሪውም ለዓመት የደከመበት ቤት ያለ እንግዳ ይቀራል።

ክራውዘር ዋሻውን በቃላት የሠራው ለልጆቹ ነበር። ከእነርሱ ጋር አብሮ ሊወርድበት የማይችለውን ጨለማ ከፋኖስና ከቁልፍ ጋር ሰጣቸው። ቁልፉን ከጡቧ ቤት ውስጥ ያስቀመጠው አባት፣ ልጆቹ ፈልገው እንደሚያገኙት ያምን ነበር፤ ልጆቹም በሩን ሲያዩ አባታቸው ያለ ቁልፍ እንደማይተዋቸው ያውቁ ነበር። በኬንታኪ ምድር ሥር በ1972 የታየው የእጅ መደገፊያ ያስደሰተውም በዚሁ መንገድ ነው። ስድስቱ ሰዎች ከብዙ ሰዓት ጨለማ በኋላ ያዩት፣ ከእነርሱ በፊት ሰው በዚያ እንደነበረና መውጫው ቅርብ መሆኑን የሚነግር ምልክት ነበር።